የጉቤት ጉዞ ግምገማ፦ ንፋሱ ያዋጣል፣ አስጎብኚው ግን ይቸኩላል

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ወርዳችሁ ዘና ማለት የምታስቡ ካላችሁ ይቺን አንብቡና ሂዱ። እኛ ሰፈር ጅቡቲ የሚኬደው ወይ ለንግድ ነው ወይ ለዘመድ። እኔና ጓደኞቼ ግን ለሽርሽር ብለን በባቡር ናጋድ፣ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ፣ ወረድን፣ ከተማ ውስጥ መኪና ከነሹፌሩ የሚያከራይ አንድ አስጎብኚ ይዘን አሳል ሐይቅና የንፋስ ኃይል ማመንጫው ያለበት ጉቤት ደርሰን ተመለስን።

ጥሩውን ላስቀድም። መኪናው ደህና ላንድክሩዘር ነው፣ ኤሲው ይሠራል። ጅቡቲ ውስጥ ኤሲው የማይሠራ መኪና ከመጣላችሁ አትከራከሩ፣ ዝም ብላችሁ ውረዱ። ድሬ ሞቀች የሚል ሰው እዚያ አንድ ቀን ይዋል። ሹፌሩ ሶማሊኛም አፋርኛም ይናገራል፣ አማርኛው ደግሞ የድሬ ከዚራ ሰፈር ልጅ ነው የሚያስመስለው፣ በየመሀሉ “አቦ ተረጋጋ” ይላል። መንገዱ የኛ ከባድ መኪናዎች ወደብ የሚመላለሱበት ስለሆነ ተሳቢ በተሳቢ ላይ ነው፣ ልብ ይሰቅላል፣ እሱ ግን ፊቱ ሳይጸዳ አንዴም ደርቦ አልወጣም። ለሹፌሩ ሙሉ ነጥብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አስጎብኚዎቹ የሚሸጡላችሁ አሳልን ነው። እውነት ነው፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ የሚወርድ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው፣ ጨው ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳትም ደስ ይላል። እኔን ግን አፌን ያስከፈተኝ ጉቤት ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ መጨረሻ ላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ውሃው ሰማያዊ፣ ከዚያ መሀል ነጭ የንፋስ ተርባይኖች ተሰልፈው ቆመዋል። 17 ናቸው፣ በድምሩ 60 ሜጋ ዋት፣ የተመረቁት በፈረንጆቹ 2023። ለቁጥር ትንሽ ይመስላል። አዳማ ዳገቱ ላይ የምናያቸው እኮ ከመቶ በላይ ናቸው። ግን የአዳማዎቹ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ናቸው፣ የጉቤቶቹ አንዱ ብቻውን የእነሱን ሁለት ይተካል፣ ይተርፋልም።

ከመኪና ልወርድ ስል ሹፌሩ “በሩን ያዝ!” ብሎ ጮኸ። ለካ ንፋሱ በር የሚገነጥል ነው። የጓደኛችን ሻሽ በአንዴ ሄደ፣ ድንጋይ ላይ ባይያዝ ባሕር ይገባ ነበር። ስታወሩ አትሰማሙም። ተርባይኖቹ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል፣ ንፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ራሳቸው ዞረው ይከተሉታል። ክንፉ ከሩቅ ሲያዩት ቀስ ብሎ የሚዞር ይመስላል፣ ጠጋ ሲሉ ግን እያንዳንዱ ሲያልፍ “ሹው” የሚል ድምፅ አለው። አንዱ ቆሞ ስለነበር “ተበላሸ” እያልን ስናወራ ነበር፣ ግን መቆም ሁሌ ብልሽት አይደለም፣ ለጥገናም ይቆማል፣ ንፋሱ ከልክ ሲያልፍም እንዳይሰበር ራሱን ያቆማል። ደግሞ የንፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ውስጡ ያለው ኃይል በእጥፍ ሳይሆን በስምንት እጥፍ ነው የሚጨምረው። ጉቤትን ለምን እንደመረጡት እዚያ ቆሞ በሩን የያዘ ሰው ይገባዋል።

ለኛ ለድሬ ሰዎች ሌላም ነገር አለው። ከ2011 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ጅቡቲ መብራት ከኢትዮጵያ ትገዛለች፣ መስመሩም በኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ሰፈር መብራት ሲጠፋ “ጅቡቲ ወሰደችው” እያልን የምንቀልደው ለዚህ ነው። አሁንም ትገዛለች፣ ግን ከንፋስ የራሷን ማመንጨት ጀመረች። የኛም አይሻ የንፋስ ማመንጫ በዚያው መስመር ላይ ናት፣ 48 ተርባይን፣ 120 ሜጋ ዋት የታሰበላት፣ ያንኑ ደረቅና ንፋሳም ምድር ተጋርታ።

እንግዲህ ቅሬታዬ። አስጎብኚው ይህን ሁሉ ቦታ በአምስት ደቂቃ ፎቶ ሊያሳልፈው ነበር! “ግቢው አይገባም፣ ምን ታያላችሁ?” ይላል። አዎ፣ ውስጥ መግባት አይቻልም፣ ማመንጫ ነው። ግን ከመንገዱ ዳር በደንብ ይታያል እኮ። ጨው የሚሸጡት ጋ ሲሆን ግን ጊዜ ሞልቶት፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ከሻጮቹ ጋር ተጨዋውቶ ነው የተነሳው። ምሳም “ሁሉም ተካቷል” ተብሎ ነበር፣ ሲደርስ ግን ታሽጎ የመጣው ውሃ ብቻ ሆነ። ጭቅጭቅ ተነሳ፣ በመጨረሻ ከራሳችን ኪስ ከፍለን ሩዝ በዓሣ በላን (ዓሣው ግን፣ ወላሂ፣ ሌላ ነው)።

ከ5 ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ ሁለቱ የሹፌሩ ናቸው። የምትሄዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት “ጉቤት ላይ አንድ ሰዓት እንቆማለን፣ ምሳ አለ” ብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ኪራዩ ለመኪናው እንጂ ለሰው አይደለም፣ ስለዚህ አራት ሆናችሁ ተካፈሉ። ክፍያው በጅቡቲ ፍራንክ ነው፣ 1 ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ነው፣ ቋሚ ነው፣ ሌላ ሒሳብ ከነገሯችሁ አትስሙ። ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ፣ በሙቀት ወራታቸው ወበቁ አያስቆምም። ሻሽና ኮፍያ ደግሞ መኪና ውስጥ ተዉት።