ለአባታችን የካንሰር መድኃኒት ምርጫ ለረዳችን የደሴ ፋርማሲስት

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በሚገኝ መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ፋርማሲስት እህታችን በቤተሰባችን ስም የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ስለ ሙያዋ ብቻ እመሰክራለሁ።

የአባታችን የኩላሊት ካንሰር ወደ ሳንባቸው መሰራጨቱ ሲነገረን ሁላችንም የጠየቅነው ኬሞ መቼ እንደሚጀመር ነበር። የተለመደው ኬሞቴራፒ ለዚህ ካንሰር እምብዛም እንደማይሠራ፣ በምትኩ ወደ ዕጢው የሚሄዱ የደም ሥሮች እንዳያድጉ የሚያግዱ እንክብሎችና የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች እንዳሉ በትዕግሥት ያስረዳችን እሷ ናት። ሐኪማችን ሁለቱን አጣምሮ መስጠት እንደሚመረጥ ቢነግሩንም ዋጋው ከአቅማችን በላይ ስለነበረ፣ የደም ሥሮችን እድገት ከሚያግዱት እንክብሎች መካከል ከሱኒቲኒብና ከፓዞፓኒብ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብን።

እዚህ ላይ ያደረገችልንን አልረሳም። አባታችን ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ስትሰማ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ሁለቱን ባነጻጸረ ጥናት በሽታውን በመግታት ተቀራራቢ ሆነው ሳለ፣ የእጅና የእግር መዳፍ መቁሰል በሱኒቲኒብ 50 ከመቶ፣ በፓዞፓኒብ ግን 29 ከመቶ በሚሆኑት ታካሚዎች ላይ መታየቱን ነገረችን፤ ፓዞፓኒብ ጉበትን ይበልጥ ሊጎዳ እንደሚችልም አልደበቀችም። መርፌ ለሚይዝ እጅና የስፌት መኪና ለሚረግጥ እግር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ውሳኔው ግን የሐኪሙ መሆኑን ደጋግማ አሳስባ፣ ጥያቄዎቻችንን በወረቀት ጽፋ ወደ እሳቸው መለሰችን።

ፓዞፓኒብ ከታዘዘ በኋላ፣ እንክብሉን ከመስጠቷ በፊት «አባባ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ አባታችን ለጨጓራቸው የሚውጡትን ኦሜፕራዞል ከኮት ኪሳቸው አወጡ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ፓዞፓኒብ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ፣ ሐኪሙ ዘንድ ደውላ እስኪስተካከል ድረስ መድኃኒቱን አላስረከበችንም። እኛን ማንም ይህን ጠይቆን አያውቅም ነበር። ከዚያም ከምግብ ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ እንዲወሰድ በካርቶኑ ላይ በጉልህ ጻፈችልን፤ የደም ግፊትና የጉበት ምርመራ ቀጠሮዎቹንም አብራ አሰፈረችልን።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ተመሳሳይ ሕመም የገጠማችሁ ቤተሰቦች የባዮፕሲ (ከዕጢው የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤታችሁን፣ የሐኪም ማዘዣችሁንና ታማሚው የሚወስደውን ማንኛውንም መድኃኒት ይዛችሁ ወደ እሷ ብትሄዱ በሙሉ ልብ እጠቁማለሁ።