ዋንጫውን ካባው ወሰደ፦ ስለ ሐዋሳው የሚና ጨዋታዎች ውድድር

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ አዳራሽ፣ ቅዳሜና እሑድ የተካሄደውን የጨዋታ ጉባኤ ተማሪዎቼን ይዤ ተካፍያለሁ። ስለ አዳራሹ ብዙ የምለው የለም። ወንበሩ በቂ ነው፣ ድምፅ ያስተጋባል፣ መግቢያው 150 ብር ነው፤ ለምሳ ደግሞ እዚያው ከመሰለፍ በባጃጅ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ መብላት ይሻላል። የምጽፈው ስለ ዳኝነቱና ስለ ሽልማቱ ነው። የተማሪ ድርሰት ሲያርም የኖረ የአማርኛ መምህር የነጥብ መስጫ ወረቀት አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። አራት ወይም አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይዘረጋል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በእርሱ አንደበት ይናገራሉ፣ በእርሱ ፈንታ ይወስናሉ። መሳካቱ የሚያጠራጥረውን ድርጊት ዳይስ፣ ማለትም በየገጹ ቁጥር ያለበት የሚወረወር ጠጠር፣ ይፈርድበታል። ልጆች ሳለን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ያደረግነው ይኸንኑ ነው፤ የእኛ ደንብ አልተጻፈም እንጂ። ደንቡን ጽፈው ለገበያ ያቀረቡት አሜሪካውያኑ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሲሆኑ፣ ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታቸው የወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ውድድሩም አልዘገየም፤ በዓመቱ ባልቲሞር ላይ በተካሄደው ኦሪጅንስ ጉባኤ ተጫዋቾች ወጥመድ የሞላበት መቃብር ውስጥ እየገቡ ተፎካክረዋል። እንዲህ ያለውን መዳኘት ቀላል ነው፤ ማን በሕይወት ቆየ፣ ማን ዘልቆ ገባ ብሎ መቁጠር ይቻላል። «ማን አሳምሮ ተጫወተ» የሚለው ሲመጣ ነው ጣጣው።

የሐዋሳው ነጥብ መስጫ ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው። አምስት መስፈርት አለው፤ አተዋወን፣ ደንብ ማክበር፣ ከቡድን ጋር መሥራት፣ ፈጠራ፣ አለባበስ። ለእያንዳንዱ 20 ነጥብ። መጀመሪያ ሳየው በስሕተት የታተመ መሰለኝ። ተቀምጠው በቃል በሚጫወቱት ጨዋታ አለባበስ ከቡድን ሥራ እኩል የሚመዘነው በምን ሒሳብ ነው? ካባ የሚከራይ አባት ያለው ልጅ ገና ዳይስ ሳይነካ ነጥቡን ይዞ ይቀመጣል።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን ልናገር። ሲራራ ነጋዴዎች ከነበቅሎዎቻቸው ኬላ ላይ ተይዘዋል። ባለ ካባው ወጣት የነጋድራሱን ሚና ይዟል። ብድግ አለና «ዘራፍ!» ብሎ ኬላ ጠባቂው ላይ ፎከረ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ዳኛው የደረሱት ልክ በዚያ ሰዓት ነበር። ከሰባት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ቆመው ጻፉና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች፣ ስንቅ አዘጋጇን የምትጫወት ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ትንፍሽ ወዳላለው በቅሎ ነጂ ዞር ብላ፣ «ወንድሜ፣ የግራጫዋን በቅሎ ጭነት ያሰርከው አንተ ነህ?» አለችው። ልጁ ቀና አለ። ትንሽ አሰበና፣ «አይደለሁም። ትናንት ማታ ሌላ ሰው ነው ያሰረው» ብሎ መለሰ። የጨዋታው መሪ እርሳሱን አስቀመጠ፤ እንዲህ ያለ ሰው በወረቀቱ ላይ አልነበረማ! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጨዋታው በሙሉ ያንን ሰው ፍለጋ ሆነ፤ ከቡናው ጆንያ ሥር የተደበቀው አሞሌ ጨው ወጣ፣ ዝምተኛው ልጅም እስከ ማታ አፉን አልዘጋም። ዳኛው ይህ ሁሉ ሲሆን ሦስት ጠረጴዛ ተሻግረው ነበር።

ዋንጫው ለባለ ካባው ተሰጠ። ዝርዝር ውጤቱ ሲለጠፍ ደመርኩት፤ በአለባበስ እርሱ 19፣ እርሷ 3 አግኝተዋል። በጠቅላላው የበለጣት በ11 ነጥብ ነው። አለባበሱ ቢወጣ ኖሮ፣ ዳኞቹ ያችን ጥያቄ ሳይሰሙ እንኳ፣ በ5 ነጥብ ትበልጠው ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ ፉከራውም ደስ ይል ነበር። ከዳኞቹ አንዱን ቀርቤ ብጠይቃቸው በትሕትና፣ «መምህር፣ ለአሥራ ሁለት ጠረጴዛ ሦስት ሰው ነን፤ የትኛው ጋ ቆመን የትኛውን እንተው?» አሉኝ። እውነት አላቸው። ታዲያ ቆሞ ያላየ ሰው ከሚፈርድ አብሮ የተቀመጠ ቢፈርድ ምን ነበረበት? አዘጋጆቹ ይህን ዘዴ ያውቁታል፤ ምርጥ የጨዋታ መሪን የመረጡት በዚያው መንገድ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በብጣሽ ወረቀት ላይ ለአንድ ጥያቄ ብቻ መልስ ይሰጣል፦ «ከዚህ መሪ ጋር ደግመህ ትጫወታለህ?» የአጎቱን ልጆች ይዞ የመጣ መሪ ጥቂት ድምፅ ሊያተርፍ ይችላል፤ ያም ሆኖ ያሸነፈችው ሴት ይገባታል የማይል ሰው አላጋጠመኝም።

አዲስ ለተጻፉ ጨዋታዎች የተሰጠው ሽልማት ግን የሚያስመሰግን ነው። ውጭ አገር ይህ ነገር በተለያየ መንገድ ይሠራል። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚና ጨዋታዎች የሚሰጠውና በኢንዲያናፖሊሱ ጄን ኮን ጉባኤ ላይ የሚታወጀው የኤኒ ሽልማት በሕዝብ የተመረጡ አምስት ዳኞች አሉት፤ እነርሱ እጩዎቹን ይለያሉ፣ አሸናፊውን ሕዝቡ በድምፁ ይወስናል። ጀርመኖች ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሰሌዳ ጨዋታዎች በሚሰጡት ሽልማት ደግሞ ሃያሲዎች ብቻቸውን ይፈርዳሉ፤ ገንዘብም አይሰጥም። በሕዝብ ድምፅ ብዙ ወዳጅ ያለው ይጠቀማል፤ በሃያሲ ዳኝነት ደግሞ የሃያሲው ምርጫ ይገንናል። ሐዋሳ ላይ የቀረቡት አራት ጨዋታዎች ብቻ ስለነበሩ ዳኞቹ እያንዳንዱን ተቀምጠው ከዳር እስከ ዳር ተጫውተውታል። ሲያነቡት የሚያምር ደንብ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ድርቅ የሚልበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ዳኝነት አላውቅም።

ያሸነፈው ጨዋታ ሁለት ቅጠል ወረቀት ላይ ያለቀ ነው። የወንድ ወገን ሽማግሌ ልኳል፤ ተጫዋቾቹ ግማሾቹ ሽማግሌ፣ ግማሾቹ የልጅቷ ዘመድ ናቸው። ዳይስ የለውም። ሁሉም አሥር አሥር የቡና ፍሬ ይይዛል፤ ማግባባት የፈለገ ፍሬውን ሲኒ ውስጥ ይጥላል። ጨዋታው በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሦስት ዙር ተከፍሏል፤ በአቦል ስለ ጉዳዩ በቀጥታ መናገር ክልክል ነው። ስለ ዝናብና ስለ ከብት እያወሩ ልጅ የሚለምኑት ሽማግሌዎች ሆዴን እስኪያመኝ አሳቁኝ። በበረካ ላይ አንደኛው ወገን ፍሬ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ጉድለት ነው። ዳኞቹም ይህንኑ ለደራሲው በጽሑፍ ነግረውታል፤ ለአራቱም ደራሲዎች አንድ አንድ ገጽ አስተያየት ሰጥተዋል። ሽልማቱ በ50 ቅጂ የታተመ ጨዋታውና በከረጢት የተደረገ ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 12ና ባለ 20 ገጽ ዳይስ፣ ከሁለት ባለ 10 ገጽ ጋር፣ ነበር። ዳይስ የሌለው ጨዋታ ለጻፈ ሰው ዳይስ መሸለማቸውን ያስተዋለ ያለ አይመስለኝም።

የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ለ10 ሰዓት ተጠርቶ 11 ተኩል ላይ ተጀመረ። የክብር እንግዳው ስለ ስፖርት ተናገሩ። የምርጥ ተጫዋቹ ዋንጫ አናት ላይ ኳስ የሚመታ ሰውዬ ቆሟል።

ለመጫወት ለሚሄድ ሰው 150 ብሩ አይቆጭም፤ ጨዋታ የሚጽፍ ደግሞ ለዚያ የአንድ ገጽ አስተያየት ብቻ ቢመዘገብ ያዋጣዋል። በግል ተጫዋችነት መወዳደር ለሚፈልግ ግን ወረቀቱ እስኪስተካከል እንዲቆይ እመክራለሁ። የሚቀጥለው ጉባኤ ላይ ከተማሪዎቼ ሁለቱን ለጨዋታ ጽሑፍ አስመዘግባለሁ፤ ሌሎቹ ያለ ነጥብ በሚጫወቱበት በኩል ይቀመጣሉ።