የጓሮ ዶሮዎቼን ላከመችልኝ ልጅ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ቢሾፍቱ ውስጥ ዶሮ የምታረቡ፣ በተለይ እንደኔ ጓሮ ውስጥ ጥቂት ዶሮ ብቻ ያላችሁ፣ ይቺን ጽሑፍ አንብቡልኝ። አንዲት የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ብላ ስለለመነችኝ አልጽፍም። ሰፈርተኛው «ዶክተር» ይላታል፤ እሷ ደግሞ «ረዳት ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም» እያለች ታርማለች።

ክረምቱ ሲገፋ ዶሮዎቼ መክሳት ጀመሩ። መኖውን ይበላሉ፣ ሥጋ ግን አይዙም። እንቁላሉ ቀነሰ፣ ኩሳቸው ቀጠነ፣ ቄቦቹ ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ይዘው ይውላሉ። ጎረቤት ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ስጫቸው አለኝ። አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ ምን እንደሆኑ እንኳ ሳይጠይቀኝ ኦክሲ ሸጠልኝ። እዚህ አገር ለዶሮ በሽታ ሁሉ መልሱ ኦክሲ ሆኗል። አንቲባዮቲክ እኮ ነው፤ የኔዎቹ ችግር ደግሞ በኋላ እንደታየው የአንጀት ትል ነበር፣ ትል ለኦክሲ ምኑም አይደል!

ልጅቷ ስትመጣ መድኃኒት አላወጣችም። መጀመሪያ ጥያቄ ነው ያዘነበችብኝ። ስንት ወራቸው ነው? የፈንግል ክትባት መቼ ወሰዱ? ኩሳቸው ላይ ደም አለ? ውሃ የሚጠጡት ከምን ነው? ከዚያ ከየጥጉ ትኩስ ኩስ ለቅማ በላስቲክ ቋጠረችና በማይክሮስኮፕ ልታየው ይዛ ሄደች። «መድኃኒቱስ?» ብላት «ይቆዩ እትዬ፣ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ምን እንግዛ?» አለችኝ። ለዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ስል ብቻ ብጠቁማት አይበዛባትም።

አንዷ ቄብ ስትሞት አንጀቷን ከፍታ አሳየችኝ። ወፈር ያለ ነጭ ክር የመሰለ ትል አንጀቱን ሞልቶታል። የዶሮ ወስፋት ነው። እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ልጆቹን አስቤ ደንግጬ ነበር፤ ይሄኛው ወደ ሰው አይተላለፍም ብላ አረጋጋችኝ። የኮሶ ትልም ይኖር እንደሆነ ፈለገች፣ አላገኘችም። የፈለገችበት ምክንያት ደግሞ የኮሶው መድኃኒት ሌላ ስለሆነ ነው።

ያዘዘችው ፒፐራዚን የሚባል የትል መድኃኒት ነው፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጥ። የተወሰኑትን ዶሮዎች በኩሽና ሚዛኔ መዘነችና መጠኑን አሰላችው። ማታ ውሃቸውን አንሺ፣ ጠዋት ሲጠማቸው መድኃኒት ያለውን ብቻ አቅርቢ አለችኝ። ለደከሙት ግን በውሃው አልተማመነችም። የታመመ ዶሮ በቂ ውሃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው በመርፌ አልባ ስሪንጅ በአፋቸው ሰጠቻቸው። መድኃኒቱ የሚያስወጣው ያደጉትን ትሎች ነው፤ አንጀት ግድግዳ ውስጥ የተሸሸጉት ትንንሾቹ ይተርፋሉ። ለዚህ ነው ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ የደገመችው። ለሁለተኛው ጉብኝት የባጃጅ ብቻ ነው የተቀበለችኝ።

እንቁላሉን በተመለከተ ደረቅ ናት። የመድኃኒቱን ወረቀት አንብባ፣ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ እንዳትበሉ፣ ለሱቅም እንዳትሰጪ አለች። ደግነቱ ፍልሰታ ነበር፣ ቤታችን እንቁላል አይበላም። የሱቁ ደንበኛዬ ግን እስከዛሬ ያጉረመርማል።

የጠቀመኝ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ ጓሮዬን ያየችበት ዓይን ነው። የትሉ እንቁላል ከኩስ ጋር ይወጣል። እርጥብና ሞቅ ያለ መሬት ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ዶሮ የሚይዝ ይሆናል። ዶሮዋ ጭራ ስትለቅመው ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ጥላ ባለው እርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ በረኪናም እምብዛም አይጎዳውም። የሚያጠፋው ፀሐይና ድርቀት ነው። ስለዚህ የረጠበውን ሰጋቱራ ጠራርገን አወጣን፣ የውሃ መጠጫውን ከፍ አደረግን፣ መኖ መሬት ላይ መበተን ቀረ፣ ጫጩቶቹም ከትልልቆቹ ተለዩ። ትል አብዝቶ የሚጎዳው ሦስት ወር ያልሞላቸውን ነው።

ስለ ፌጦው ጠይቄያት ነበር። አልሳቀችብኝም። «አይጎዳቸውም፣ ትሉን ግን አያወጣውም» አለች፤ በቃ። አዋቂ ነኝ ባይ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሰዓት ይገሥፀኝ ነበር።

አሁን ዶሮዎቼ ደህና ናቸው፤ እንቁላሉም ተመልሷል። የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለች። ከሰዓት በኋላ ደውሉ፤ ጠዋት ጠዋት ከብት ስታክም ነው የምትውለው፣ አታነሳም። ከመምጣቷ በፊት ደግሞ የዕለቱን ኩስ በላስቲክ ይዛችሁ ጠብቁ፣ ሳይደርቅ።