8 ወር ከአዲሱ ራዲያተር ጋር፤ ጠቤ ከክዳኑ ነው

የመኪናዬ ራዲያተር፣ ያ የሞተሩ ውሃ የሚበርድበት ዕቃ፣ ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ የማወራው በአብዛኛው ስለ ክዳኑ ነውና።

በገዛ እጄ ፈትቼ ከቀየርኩት 8 ወር ሞላው። አንድም ጠብታ አይወጣውም። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቦታውን ይዟል፤ ዳገትም ሆነ የመንገድ መጨናነቅ አያነቃንቀውም። ኦሪጅናል አይደለም፤ ግን አላሳፈረኝም። ስለ ራዲያተሩ ይሄው ነው።

ክዳኑ ግን! በካርቶኑ ውስጥ «ይሄ በነፃ ነው» ተብሎ የመጣው ክዳን 5 ወር እንቅልፍ ነሳኝ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ አስወርጄ ነበር።

ከመጀመሪያው ልነሳ። አሮጌው ራዲያተር ያፈስ የነበረው ከላይ፣ ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙ ከሚገናኙበት ነው። የዘመኑ ራዲያተር መሃሉ አሉሚኒየም፣ ጫፍና ጫፉ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱን የያዛቸው የታጠፈ የአሉሚኒየም ጥርስና መካከል ላይ የተኛ ጎማ ነው። ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ ጎማውም ይሞታል። የድሮው የመዳብና የናስ ራዲያተር ቢሆን ሳልዳ ተደርጎ ይመለስ ነበር። ፕላስቲክ ላይ ምን ትበይዳለህ? ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ዱቄትም ሞክሬያለሁ። ሁለት ሳምንት ደፈነ። ከዚያ ቀዳዳውን ትቶ የመኪናውን ማሞቂያ ደፈነልኝ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ብከፍተውም የሚነፋው ቀዝቃዛ አየር ነው። ዱቄቱን የምትመክሩ ሰዎች፣ በየቤታችሁ እንዳላችሁ ቅሩ።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ሥራውን በ20 ደቂቃ ጨረሰው። እኔ ከጠዋት እስከ አመሻሽ ነበርኩ። ግማሹን ጊዜ የበላው የታችኛው ቱቦ ነው። ቱቦውን አንቆ የያዘው ፋሼታ ፊቱን ወደ መሬት አዙሯል፤ ፒንሳው አይደርስም፤ ቢደርስም ያዳልጣል። ፋሼታው ሲለቅ ደግሞ ቱቦው ከአፉ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለ። ጎተትኩ። እግሬን ተክዬ ጎተትኩ። ኋላ የገባኝ፣ ይሄ ነገር በመጎተት አይወጣም። ጨብጠህ ግራና ቀኝ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ስታደርገው ነው ቀስ ብሎ የሚላቀቀው። በካቻቢቴ ልፈነቅለው ስል ደግነቱ ቆም አልኩ። ራዲያተሩስ ሊጣል ነው፤ ቱቦው ግን የሚቀር ነው።

አዲሱን ሳስገባ ፊቱን በካርቶን ሸፍኜ ነው። እነዚያ ስስ ክንፎች የጣት ጥፍር ያጥፋቸዋል፤ የፋኑ ጠርዝ ቢነካቸውማ አይነሳ። ይሄን አስቤ በራሴ ኮራሁ። ሁሉን አስሬ፣ የፋኑን ሶኬት ሰክቼ ስጨርስ ግን ራዲያተሩ ይንቀጠቀጣል። ከሥር የሚቀመጥባቸው ሁለት የጎማ እግሮች አሉት። አንዱ የት ሄደ? ከአሮጌው ራዲያተር ሥር ተጣብቆ ጥግ ላይ ተኝቷል። እንደገና ሁሉን ፈታሁ። የመኪናችሁ ካምቢዮ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ሥራው በዚህ አያበቃም፤ ብዙዎቹ ላይ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣው በራዲያተሩ ውስጥ ስለሚያልፍ ሁለት ቱቦ ይጨመርላችኋል። የኔ ማንዋል ነው፤ ተገላግያለሁ።

ከአሮጌው የወጣውን ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹን፣ በባልዲ ክፍቱን እንዳትተዉት። ጣዕሙ ይጣፍጣል፤ መርዝ ነው። ውሻም ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል።

አዲሱን ኩላንት ከባትሪ ውሃ ጋር እኩል በኩል ቀላቅዬ ሞላሁ። ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርጌ፣ ክዳኑን ገና ሳልገጥም ሞተሩን አስነሳሁ። አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። የታችኛው ቱቦ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር፣ ተከፈተ ማለት ነው። ጎዶሎውን ሞላሁ፤ ክዳኑን ገጠምኩ። ያችን የተረገመች ክዳን።

በሦስተኛው ሳምንት ማታ ማታ ከመኪናው ሥር እርጥበት አየሁ። ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ክዳኑን ስከፍት ውሃው ከአፉ ጎድሏል። አንድ ብርጭቆ ያህል ጨመርኩ። በማግስቱም ጎድሏል። ጨመርኩ። የትርፍ ውሃ መያዣዋ ደግሞ በተቃራኒው እስከ አፍንጫዋ ሞልታ በላይዋ ትፈስሳለች። አንዱ ይጎድላል፤ አንዱ ይተርፋል። ፋሼታዎቹን ሁሉ አጠበቅኩ። ራዲያተሩን በባትሪ መብራት ክንፍ በክንፍ ፈተሽኩ። ደረቅ ነው።

መካኒክ አማከርኩ። ኮፈኑን ሳይከፍት «ጋሼ፣ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው» አለኝ። ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቶ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለቱ ነው። የማውረጃውን ሂሳብም እዚያው በቃሉ ደመረልኝ። መጀመሪያ እንፈትሸው አልኩ። ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደቀን ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መፈተሻ አለ፤ የተቃጠለ ጋዝ ካገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ተደቀነ። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። «ፈሳሹ ቆይቶ ይሆናላ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ 5 ወር ሞላኝ። በየጠዋቱ ክዳን መክፈት፣ አንድ ብርጭቆ መጨመር፣ መዝጋት።

አንድ ቀን ጠዋት እጄ ክዳኑ ጋ ሳይደርስ የላይኛው ቱቦ ላይ አረፈ። ቱቦው ጠፍጣፋ ነው። ተጨምቆ እንዳለቀ የጥርስ ሳሙና ግራና ቀኙ ተጣብቋል። ክዳኑን ነካ ሳደርገው «ፍሽሽ» ብሎ አየር ሳበና ቱቦው ፖፍ ብሎ ክብ ሆነ። ለካ 5 ወር ሙሉ ቱቦውን ሳላየው ክዳኑን እከፍት ነበር። ስከፍተው ደግሞ ማስረጃው ይጠፋል።

የራዲያተር ክዳን እንደ ማሰሮ ክዳን አይደለም። ሁለት በር አለው። ትልቁ ግፊቱን ይይዛል። የኔ ላይ 1.1 ባር ተጽፎበታል፤ በዚህ ግፊት ተራ ውሃ እንኳ እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ሲሞቅ የተረፈውን ወደ ትርፍ መያዣው ይለቃል። መሃል ላይ ያለችው ትንሿ በር ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ ያንኑ ውሃ መልሳ ትስባለች። የኔዋ ተጣብቃለች። ውሃው ይወጣል፤ አይመለስም። ራዲያተሩ ውስጡ ባዶ ሲቀረው ቱቦውን ይመጠዋል። እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ከፍቼ አየር አስገባለሁ፤ ብርጭቆ እሞላለሁ። ሲሞቅ ያቺው ብርጭቆ ወደ መያዣው ትሄዳለች። መያዣው ሞልቶ መሬት ላይ ይፈስሳል። የሚፈስሰውን ውሃ የምቀዳው እኔው ነበርኩ።

አሮጌውን ክዳን አልጣልኩትም ነበር። ብሎንና ዳዶ ከማጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ አገኘሁት። እሱም ላይ 1.1 ተጽፏል። ሁለቱን ገልብጬ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የአሮጌውን ትንሽ በር በጥፍሬ ሳብ ሳደርጋት ትነሳለች፤ ስለቃት ጠቅ ብላ ትመለሳለች። የአዲሱ ንቅንቅ አትልም። የጎማው ጠርዝ ከሥሯ ገብቶ ነክሷታል። አሮጌውን አጥቤ ገጠምኩ። በማግስቱ ቱቦው ክብ፣ ራዲያተሩ እስከ አፉ ሙሉ። ይሄው 3 ወር፤ አንዲት ማንኪያ አልጨመርኩም።

ሻጩ አሁን ፊቴ ቢቆም የሚለውን አውቀዋለሁ። «ክዳን እኮ ነው፤ በነፃ የሰጠሁህን?» ወንድሜ፣ ባትሰጠኝ ኖሮ የራሴን መልሼ እገጥም ነበር! «ታዲያ ራዲያተሩ ሠራ አልሠራ?» ሠራ። እሱ ላይ አፌን ያዘኝ። «እንግዲያው ምን ትፈልጋለህ?» 5 ወሬን።

ግዙ አትግዙ ለምትሉኝ፣ ትናንት ብትጠይቁኝ አትግዙ እል ነበር። ዛሬ ጠዋት ረጅም ዳገት ወጥቼ መርፌዋ ንቅንቅ ሳትል ቀረች፤ ስለዚህ ግዙ። ብቻ ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ገልብጡና ትንሿን በር በጥፍር ሳብ አድርጓት። የኔን አዲሱን ክዳን ቆርቆሮው ውስጥ፣ በአሮጌው ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ኮፈን የመክፈት አመሉ ግን አልለቀቀኝም። ጠዋት ጠዋት አሁንም እከፍታለሁ፤ ክዳኑን አልነካም፤ ቱቦውን ጨበጥ አድርጌ እዘጋለሁ።