የኮሮላዬን የዘይት ፓምፕ ከቀየርኩ 14 ወር ሆነኝ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ

መኪናዋ በፈረንጆች 1997 የተሠራች ኮሮላ ናት፤ 4ኤ ሞተር፣ 1,600 ሲሲ። በሳምንት ሦስት ቀን ከድሬዳዋ ሐረር ትመላለሳለች። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ደንገጎ ስትደርሱ ከ2,000 ሜትር አልፋችኋል፣ ያውም በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እየጮኸ።

ነገሩ የጀመረው እዚያው ዳገት ላይ ነው። አናቱ ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ ድንች ልገዛ ቆምኩ፤ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ላይ የዘይት ግፊት ሲወርድ የምትበራው ያቺ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። ነዳጅ ስሰጠው ትጠፋለች፣ ሚኒሞ ሲሆን፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው በዝግታ ሲዞር፣ ትመለሳለች። የመጀመሪያው ጋራዥ «ሴንሰሩ ነው» ብሎ ቀየረው፤ ምንም ለውጥ የለም። ሁለተኛው «ሞተሩ አርጅቷል፣ ወፍራም ዘይት አድርግበት» አለኝና 20-50 ሞላሁ። ለሦስት ወር መብራቷን አላየኋትም፤ እኔም ዳንኩ ብዬ ተኛሁ። ሚያዝያ ገብቶ ሙቀቱ ሲከር ተመለሰች።

እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር በኩል አንድ አዛውንት ሜካኒክ አሉ። ቅሬታዬን እንኳ አላስጨረሱኝም፤ ሴንሰሩን ፈቱና በቦታው ባለ መርፌ የግፊት መለኪያ አሰሩበት። ሞተሩ በደንብ እስኪግል ጠብቀን አየን፦ ሚኒሞ ላይ 0.2 ባር፣ 3,000 ዙር ላይ 1.4። የዚህ ሞተር የጥገና መመሪያ ሚኒሞ ላይ ቢያንስ 0.3 ገደማ፣ 3,000 ላይ ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ይላል። መርፌዋን ሳይ አፈርኩ፤ ይህን መለኪያ ለማሰር አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ እኔ ግን ስድስት ወር በግምት ነድቻለሁ።

እኔ ወዲያው ፓምፕ ልገዛ ተነሳሁ። እሳቸው «ቆይ አቦ» አሉኝ። መጀመሪያ ከስር የዘይቱን ቋት አወረዱ። የፓምፑ መምጠጫ ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት በጥቁር ፍርፋሪ ተሞልቷል፤ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። በጥፍሬ ስይዘው እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ሲሊኮን ነው! ከሁለት ዓመት በፊት ሞተሩን የሠራልኝ ጋራዥ ቋቱን ሲገጥም ሲሊኮኑን እንደ እንጀራ ሊጥ አፍስሶበት፣ የተረፈው ወደ ውስጥ ተንጠባጥቧል። «ፓምፑን ምን ትወቅሳለህ፣ አፉን አንቀኸው!» አሉና ሳቁብኝ።

ወንፊቱ ታጥቦ፣ ያው አሮጌ ፓምፕ እንዳለ ድጋሚ ለካን፦ ሚኒሞ 0.3፣ 3,000 ላይ 2.2። ተሻሽሏል፣ ግን አሁንም ከልኩ በታች ነው። ስለዚህ ፓምፑም ተፈታ።

የዚህ ሞተር ፓምፕ ከፊት በኩል ተገጥሞ በቀጥታ በክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ይዞራል። ውስጡ ሁለት ጥርሳም ቀለበቶች አሉ፤ የውጪው ከውስጠኛው በአንድ ጥርስ ይበልጣል፣ በመሀል የሚሰፋና የሚጠበው ክፍተት ዘይቱን ስቦ ይገፋል። ግፊት ከልክ ሲያልፍ ባለ ስፕሪንግ ቫልቭ ተከፍቶ ትርፉን ይመልሳል። የእኔው ቀለበቶች ከክዳኑ ጋር ያላቸው ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የሚፈቀደው እስከ 0.1 ነው። የቫልቩ ዘንግም ተቦጫጭሯል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ፓምፑ ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ በብሮንዚኖቹ (ክራንክ ሻፍቱ በሚዞርባቸው ስስ የብረት ማረፊያዎች) ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ብሮንዚኑ ከተበላ አዲስ ፓምፕ ብትገጥሙም መብራቷ ትመለሳለች። የእኔ ብሮንዚን ደህና ነበር፤ ዕድል ነው።

ኦርጂናሉ ዋጋው ሦስት እጥፍ ስለሆነ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ተመሳሳዩን በ8,500 ብር ገዛሁ። ከፓምፑ በላይ የበላኝ የእጅ ዋጋው ነው፤ ታይሚንግ ቺንጋው (ክራንክ ሻፍቱን ከላይኛው የቫልቮች ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ) ካልወረደ ፓምፑ አይነካም። ስለዚህ ቺንጋውንም አብሬ ቀየርኩ። ከመግጠማቸው በፊት ውስጡን በዘይት ሞሉት፤ ካንዴላ እሳት እንዳይሰጥ አድርገውም መብራቷ እስክትጠፋ በሞተሪኖ አዞሩት። ፓምፑ ደረቁን ቢነሳ በሰከንዶች ይቦጫጨራል ይላሉ።

አሁን ወደ ግምገማው። በተገጠመ ቀን፣ ሞተሩ ግሎ፣ ሚኒሞ 1.0፣ 3,000 ላይ 3.7። በስድስተኛው ወር ያው ነው ማለት ይቻላል። ባለፈው ሳምንት፣ 19,000 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ፣ ደንገጎ አናት ላይ ቆሜ ሳየው 0.9 እና 3.6። ዘይቱም ወደ 15-40 ተመልሷል፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው እቀይራለሁ። ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ያንኳኳት የነበረችው ጥቂት ሰከንድ ጠፍታለች።

ያልወደድኩት አለ። ከፓምፑ ጋር የመጣው ፓራኦሊ (በክራንክ ሻፍቱ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው የላስቲክ ቀለበት) በአምስተኛው ወር ዘይት ማላብ ጀመረ። የድሬ አቧራ ከላዩ ተለጥፎ ጭቃ ሆነና መጀመሪያ ያየሁት ያን ጭቃ ነው። ዋጋው ተራ ነው፣ ለመቀየር ግን ቺንጋው ድጋሚ ወረደ፤ ለአንድ ቀለበት ላስቲክ ሁለተኛ የእጅ ዋጋ! ጓርኒሲዮኑም (በፓምፑና በሞተሩ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ስስ ስለነበር አዛውንቱ በሌላ ቀይረውታል። ሲሊኮን ሲቀቡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ እንደ ክር ቀጭን መስመር ብቻ።

ድጋሚ እገዛዋለሁ? አዎ፣ ፓራኦሊውን ለብቻ ኦርጂናል ገዝቼ። መለኪያውን ግን እስካሁን አላወለቅኩትም፤ ከክሩስኮቱ ስር በሽቦ ታስሯል፣ ጓደኞቼ «ሲኖትራክ ነው እንዴ የምትነዳው አቦ?» እያሉ ይስቁብኛል።