ቶዮታ ሲየና ከውስጥ ሲታይ፦ ቁልፉ፣ መብራቱና የዕቃ ቦታው

ስለ ሚኒቫን የሚጻፉ ግምገማዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከሞተሩ ጉልበትና ከቤንዚን ፍጆታው ነው። የምነዳው የ2018 ቶዮታ ሲየና፣ ኤክስኤልኢ የሚባለው ደረጃ፣ ባለ 3.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ስላለው በጉልበት አይታማም፤ ቤንዚን መውደዱም የታወቀ ነው። ያንን ለሌሎች ትቼ፣ መኪናው ቆሞ ስለሚሠራው ሥራ ልጻፍ፦ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ በጨለማ ውስጡ እንዴት እንደሚበራ፣ ዕቃውስ የት የት እንደሚገባ።

የምኖረው አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ ነው። መኪናዬን የማሳድረው በአፓርታማው ግቢ፣ ከሰማይ በታች ነው። በሳምንት አምስትና ስድስት ጊዜ ከደለስ አየር ማረፊያ መንገደኛ አመላልሳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ መኪናው የሦስት ልጆቼ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የዕድሩ ነው። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት ከነዳሁት በኋላ፣ ቁልፉን፣ መብራቱንና የዕቃ ቦታውን ለየብቻ መገምገም ትርጉም እንደሌለው ተረድቻለሁ። ሚኒቫን ዙሪያውን መስኮት የሆነ ክፍል ነውና ውስጡ ያስቀመጡት ይታያል፤ ሲመሽም የራሱ መብራት ያሳየዋል፤ የታየውን ዕቃ ደግሞ ቁልፍ ብቻውን አያድነውም።

ከቁልፉ ልጀምር። በዚህ ደረጃ ያለው ሲየና ቁልፉን ከኪስ ሳያወጡ የሚከፈትና የሚነሣ ነው። ቁልፉ ከበሩ እጀታ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ እስካለ ድረስ እጀታውን መያዝ ይበቃል። ሞተሩ የሚነሣው መኪናው በቁልፉ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ምልክት አንብቦ የራሱ መሆኑን ካረጋገጠ ብቻ ነው፤ ይህ ኢሞቢላይዘር የሚባለው ነገር ነው። ጥቅሙን ለመረዳት ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ አገር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፦ በሚሽከረከር ቁልፍ የሚነሡ ብዙ የኪያና የሂዩንዳይ ሞዴሎች ኢሞቢላይዘር ስላልነበራቸው፣ ወጣቶች የመሪውን ሥር ገንጥለው በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያስነሡ ሲወስዷቸው ከርመዋል። ሲየና በዚያ መንገድ አይነሣም።

በሩ ከውጭ ሲቆለፍ በክሩስኮቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት መጀመሪያ ሳትርገበገብ ትበራለች፤ 30 ሰከንድ ያህል ቆይታ ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር አላርሙ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ልዩነት አያስተውልም። ሌላም ጥሩ ነገር አለ፦ በሪሞት ከፍተው 60 ሰከንድ ያህል በር ሳይከፍቱ ከቆዩ መኪናው ራሱን መልሶ ይቆልፋል። ኪሴ ውስጥ ቁልፉ በስሕተት ተጭኖ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ያድር የነበረባቸው ጊዜያት ስንት እንደሆኑ እግዜር ይወቀው።

ገመድ አልባው ቁልፍ ግን የራሱ ደካማ ጎን አለው፤ ይህም በሲየና ብቻ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ቁልፍ በሚነሡ ብዙ መኪኖች ላይ የሚታይ ነው። ቤት ውስጥ ከበር አጠገብ የተሰቀለን ቁልፍ ምልክት በመሣሪያ እየተቀባበሉ እስከ መኪናው በማድረስ በሩን የሚያስከፍቱ ሌቦች አሉ። መፍትሔው በእጃችን ነው፦ ቁልፉ ላይ ያለውን የመቆለፊያ መጫኛ ተጭነው እንደያዙ የመክፈቻውን ሁለት ጊዜ ሲጫኑ፣ ቁልፉ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ብላ ቁልፉ ምልክት መላክ ያቆማል። ቶዮታ ይህን ያዘጋጀው ለባትሪ ቁጠባ ብሎ ነው፤ እኔ የምጠቀምበት ለሌላ ነው። ጠዋት ከመጫኛዎቹ ማንኛውንም ሲጫኑ ተመልሶ ይሠራል። የቁልፉ ባትሪ ጨርሶ ቢያልቅም አያስደነግጥም፤ ሆዱ ውስጥ የተሸሸገውን ብረት ቁልፍ አውጥቶ በሩን መክፈት፣ ከዚያም ፍሬን ረግጦ ቁልፉን ወደ ማስነሻው አስጠግቶ ማስነሣት ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጎታች መኪና አይጠራም።

አላርሙ ላይ ግን ቅሬታ ያዘለ አስተያየት አለኝ። የሚጮኸው በር፣ የኋላ መዝጊያ ወይም የሞተሩ ኮፈን ያለ አግባብ ሲከፈት ነው። መስታወት ሰብሮ እጁን ያስገባና በሩን ሳይከፍት ቦርሳ መንትፎ የሄደ ሰው ግን ላያስጮኸው ይችላል። ባለፈው ዓመት አንድ የገበያ ማዕከል ግቢ ውስጥ አቁሜ ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ የፊት ተሳፋሪ መስኮት ተሰብሮ፣ ወንበሩ ላይ የነበረው ቦርሳ ተወስዶ ጠበቀኝ። ቦርሳው ውስጥ የነበረው የልጄ የስፖርት ልብስና የላብ ሽታ ብቻ ነበር፤ መስታወቱ ግን በገንዘብ ነው የሚተካው። መኪናው ላይ የማሳብበው የለኝም፤ ቦርሳውን እዚያ የተውኩት እኔ ነኝ። ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ያሉት መስኮቶች ከፋብሪካው ጠቆር ብለው ሲመጡ የፊተኞቹ ሁለቱ ግን ንጹሕ መስታወት ናቸው፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ ከፊት ወንበር ላይ የስልክ ገመድ እንኳ አልተውም።

ተንሸራታቾቹ በሮች በሞተር የሚሠሩ ናቸው። እጀታውን ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ይህን ከአዲስ አበባ ገና ለወረደ መንገደኛ ማስረዳት ግን የሥራዬ ግማሽ ነው። ሚኒባስ ታክሲ የለመደ ሰው በሩን ሲያይ እጁ ላይ የወያላ ጉልበት ይመጣበታል። አንዲት እናት በሁለት እጃቸው ሲገፉት ደርሼ፣ «እማማ፣ አይግፉት፤ ራሱ ይዘጋል» ብላቸው፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ልጅ አዲስ አበባ ምን ሊበላ ነው?» አሉኝ። በመሃል የሚገቱት በር ቆም ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህ ለልጅ እጅ ጥበቃ ነውና ደግ ነገር ነው። ነዳጅ ሲቀዳ ደግሞ የነዳጁ ክዳን ክፍት እስከሆነ ድረስ የግራው ተንሸራታች በር እንዳይከፈት ተደርጓል፤ በሩ ክዳኑን እንዳይመታው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በሩ ተበላሽቷል ብሎ መካኒክ ጋ ሊሄድ ይችላል።

ያገለገለ ሲየና ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ካለ አንድ ነገር ላስታውስ። በ2016 መጨረሻ ቶዮታ ከ2011 እስከ 2016 የተሠሩ ሲየናዎችን ለጥገና ጠርቷል፤ በአሜሪካ ብቻ ቁጥራቸው 744,000 ያህል ነበር። ምክንያቱም በሩ፣ ለምሳሌ በብርድ ቆርፍዶ፣ አልንቀሳቀስ ሲል በሞተሩ መስመር ከፍተኛ ኃይል አልፎ ፊውዙን ሊያቃጥለው መቻሉ ነው፤ ፊውዙ የተቃጠለው መቆለፊያው ባልያዘበት ቅጽበት ከሆነ ደግሞ በሩ መኪናው እየሄደ ሊከፈት ይችላል። ጥገናው በነጻ ነው። ባለ 17 አኃዙን የመኪናውን መለያ ቁጥር በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ፣ ጥገናው መሠራቱን ሳያረጋግጡ ቀብድ መስጠት አይገባም።

ወደ ውስጡ መብራት ስመጣ፣ ሲየና በብርሃን ስስታም አይደለም። ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ ጣሪያው ላይ መብራት አለ፤ ለየወንበሩ የሚሆኑ የማንበቢያ መብራቶችም አሉት። ከሩቅ በሪሞት ሲከፍቱት ውስጡ ወዲያው ቦግ ይላል። ጨለማ ግቢ ውስጥ ወደ መኪናው ለሚሄድ ሰው፣ በተለይም ለሴቶች፣ ውስጡ ማንም እንደሌለ ከሩቅ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያው ብርሃን ከኋላ የተከመረውን ሻንጣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያሳያል። ስለዚህ ሰው በበዛበት ቦታ የበሩን መብራት ማብሪያ አጥፍቼ እጭናለሁ፤ ባዶ ግቢ ውስጥ ግን እንደበራ እተወዋለሁ።

የጭነት መብራቱ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይበልጣል። ብርሃኑ ከላይ ስለሚመጣ፣ ሻንጣው እስከ ጣሪያው ሲደረደር ከሻንጣው ጀርባ ይቀራል፤ ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ወለሉ ሥር ያለው የዕቃ ጉድጓድ ደግሞ ጨለማ ይሆናል። የወደቀ ፓስፖርት በዚያ ጨለማ በእጅ እየዳበሰ የፈለገ ሰው ይህን ይረዳኛል። ከጉድጓዱ ግድግዳ ዝቅ ብላ የምትበራ አንዲት ትንሽ አምፖል ብትጨመር ስንት ነገር ታቃልል ነበር! እኔ ከፊት ተሳፋሪው ፊት ለፊት ካለው የታችኛው ኪስ የእጅ ባትሪ አልለይም።

በር በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ የጣሪያው መብራት ቢበራ ከ20 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋል። ልጅ በጣቱ ተጭኖ ላበራው የማንበቢያ መብራት ግን ይህን ተማምኜ አልተኛም። ማታ ማታ ከመኪናው ስወርድ ሦስተኛውን ረድፍ ዞር ብዬ ማየት እንደ ጸሎት የማላስታጉለው ልማዴ ሆኗል።

የዕቃው ቦታ የመኪናው ትልቁ ሞገስ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ቆሞ ሳለ ከኋላው 39 ኪዩቢክ ፉት የሚይዝ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀራል፤ ሦስተኛው ረድፍ ገመዱ ተስቦ ወደ ጉድጓዱ ሲታጠፍ ቦታው 87 ይደርሳል፤ የመሃሉ ወንበሮች ጭምር ከወጡ 150 ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ለእኛ ሰው ምንም አይነግሩትም፤ በሻንጣ ልተርጉማቸው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የኢኮኖሚ መንገደኛ 23፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ያስጭናል። ሦስተኛው ረድፍ እንደቆመ ጉድጓዱ ውስጥ አራት ትልልቅ ሻንጣ በጎናቸው ቆመው ይገባሉ፤ በላያቸው የእጅ ቦርሳ ይታከላል። አራት ሰው ስምንት ሻንጣ ይዞ ከመጣ ሦስተኛውን ረድፍ ሙሉ በሙሉ አጥፌ ሁሉንም እጭናለሁ። ስድስት ሰው ከአሥራ ሁለት ሻንጣ ጋር ሲደውልልኝ ግን ከሁለተኛ መኪና ወይም ከፖርቶመጋላ ውጭ መላ እንደሌለው አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ወንበር ካላጠፉ ቦታ የለም፣ ካጠፉ ደግሞ ሰው አይቀመጥም።

ጉድጓዱ ግን ከሻንጣ ይልቅ የሚያኮራው በምግብ ነው። ለለቅሶ ቤት ባለቤቴ የሠራችውን ሁለት ትልልቅ ድስት ወጥ ጫፍና ጫፉ ላይ አስቀምጠን፣ መሃሉን በታጠፈ ጋቢ ሞልተን፣ እንጀራውን በትሪ ከላይ ስናደርግ፣ ከኮሎምቢያ ፓይክ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን መንገድ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ እንደርሳለን። ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ መኪና ላይ ያው ድስት በመጀመሪያው ፍሬን ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሌላ በኩል፣ ሦስተኛው ረድፍ ሲታጠፍ ጉድጓዱን የሚሞላው ራሱ ወንበሩ ነው፤ ያኔ ሻንጣዎቹ የሚደረደሩት በጠፍጣፋው ወለል ላይ ስለሆነ በገመድ ማሰር ያስፈልጋል፤ የውስጡ ስፖኪዮም ከሻንጣ በቀር ምንም አያሳይም።

ባለ ስምንት ወንበሩ ላይ የሁለተኛው ረድፍ የመሃል ወንበር ተነቅሎ ከኋላ በጎን ግድግዳው ላይ በተዘጋጀለት ቦታ ይገባል። በባዶው በኩል ወደ ሦስተኛው ረድፍ መተላለፊያ ስለሚከፈት፣ ጉልበታቸው ለሚያማቸው ሽማግሌዎች ከመታጠፍ ያድናቸዋል። ከፊት ተሳፋሪው ፊት ለፊት ላይና ታች የሆኑ ሁለት የተዘጉ ኪሶች አሉ፤ የላይኛው ለመኪናው ሰነዶች፣ የታችኛው ለማይታዩ ነገሮች። ከጣሪያው መነጽር ማስቀመጫ ጋር የተያያዘው ክብ መስታወት ከኋላ የተቀመጡትን ልጆች ሁሉ አንድ ላይ ያሳያል፤ ማን ማንን እንደቆነጠጠ ከእንግዲህ ክርክር የለም። የኩባያ ማስቀመጫው ብዛት አይነገርም፤ ከየአንዳንዱ የድንች ጥብስ ፍርፋሪ ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ የዕቃ ቦታ እያለው ታዲያ ሻንጣ የሚሸፈንበት አንድም ቦታ የለውም። ጉድጓዱ ላይ የሚዘረጋ መሸፈኛ ከመኪናው ጋር አይመጣም፤ የኋላው መስኮት ቢጠቁርም ፊቱን አስጠግቶ ለሚያይ ሰው ሻንጣው ይታያል። ለዚህ ያገኘሁት መላ ርካሽ ነው፦ ከወንበሩ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ጥቁር ብርድ ልብስ ገዝቼ፣ አራቱን ጫፎቹን የገበያ ከረጢት ማንጠልጠያዎቹ ላይና ከወንበሩ ጀርባ ላይ አስሬያለሁ። ሲዘረጋ ወለል ይመስላል። መንገደኛ ሻንጣውን ጭኖ ለቁርስ እናቁም ሲለኝ ብርድ ልብሱን እዘረጋለሁ፣ በሩን ቆልፌ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት እስክትጀምር ድረስ እቆማለሁ፤ ምግብ ቤት ስንገባም መኪናው በሚታይበት መስኮት አጠገብ እንቀመጣለን።