ደሞዝ ብቻ የሚያይ ብድር፦ የደሴው የዲያስፖራ ቤት ብድር በእኔ ዐይን

ነጥቤን ከፊት ልናገር፤ ከአምስት ሦስት ሰጥቻለሁ። ሁለቱ ለምን እንደጎደሉ ለማስረዳት ግን ኒው ጀርሲ ድረስ ልወስዳችሁ ነው። ታገሡኝ።

የማወራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስላለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ የዲያስፖራ ቤት ብድር ነው። የባንኩን ስም አልጠራም። ሠራተኞቹን ነገም ዓይን ለዓይን አያቸዋለሁ፤ ሌላ ባንክ የሄዱ ጎረቤቶቼ የሚነግሩኝም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኔ ወኪል ነኝ፤ ያውም የሁለት ሰው። አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ኒውአርክ ኮንስትራክሽን ላይ ይሠራል። ሌላዋ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ጀርሲ ሲቲ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሁለቱም እዚሁ ደሴ ቤት መግዛት አማራቸው። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሒሳብ ክፍል ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና "አንቺ ታውቂበታለሽ" ተብዬ ተሾምኩ። ያለ ደሞዝ።

ለማታውቁት አሠራሩ እንዲህ ነው። ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወይም ትውልደ ኢትዮጵያዊ በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይከፍታል። ከቤቱ ዋጋ የተወሰነውን ቅድሚያ ያስገባል። ቀሪውን ባንኩ ያበድራል፤ ቤቱ መያዣ ይሆናል። ወርሃዊው ክፍያ ከውጭ ይላካል። ፓስፖርት ወይም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ)፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የደሞዝ ስሊፕ፣ የባንክ ስቴትመንት ይጠየቃል። እዚህ ያለው ወኪል ደግሞ ውክልና ይዞ ይመላለሳል።

መስተንግዶው ጥሩ ነው። ዲያስፖራ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ መብራት ሲሄድ አብሮ ስለሚሄድ ጉልበት ያላችሁ በደረጃው ውጡ። ወንበር አለ። ፎርሙን የሚሞላው ልጅ ትሑት ነው። "አብሽሪ እትዬ፣ እናስተካክለዋለን" ሳይል ቀርቶ አያውቅም። አብሽሪ ስላለ ብቻ ነገሩ ይስተካከላል ማለት ግን አይደለም።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ልጁ የወንድሜን ስሊፕ ተቀበለ። ስሊፑ የአንድ ሳምንት ነው፤ እዚያ የወንድሜ ቀጣሪ በየሳምንቱ ነው የሚከፍለው። ካልኩሌተሩን አነሳና በ4 አባዛው። "ይኸው የወር ገቢው።" የአክስቴ ልጅ ስሊፕ የሁለት ሳምንት ነው፤ እሱን በ2 አባዛው። ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ወንድምዓለም፣ ዓመቱ ስንት ሳምንት ነው?"

"52።"

"በ4 ስታባዛው 48 ብቻ ቆጠርክ። አራቱ ሳምንት የት ገባ?"

ትንሽ አሰበና ሳቀ። የወንድሜን በ52 አባዝቶ ለ12 አካፈለው፤ የእሷን በ26። የተሞላውን ፎርም ቀዶ አዲስ ሞላ። ለዚህ ብቻ ግማሽ ነጥብ ጨምሬለታለሁ። ሌላ ቦታ ቢሆን "ሲስተሙ ነው" ብለው ያሰናብቱናል። ወኪል የሆናችሁ ግን ይህን ስሌት ራሳችሁ ሠርታችሁ ሂዱ።

ዋናው ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ውጤቱ ሲመጣ ለአክስቴ ልጅ ጠቀም ያለ ብድር ተፈቀደላት። ወንድሜ ግን ተጨማሪ ቅድመ ክፍያ አምጣ ተባለ። ምክንያቱ ገቢው "ያልተረጋጋ" መሆኑ ነው። እውነት ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ በረዶ ሲወርድ ኮንክሪት አይሞላም፤ ስሊፑም ይሳሳል። ነገር ግን ወንድሜ መኪና የለውም፤ የማንም ዕዳ የለበትም፤ የሚያገኘውን ያስቀምጣል። እሷ ደግሞ የመኪና ክፍያ፣ የትምህርት ብድር፣ የጀርሲ ሲቲ የቤት ኪራይ አለባት። (እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ራስሽ ያልሽኝን ነው የጻፍኩት።) ፎርሙ ላይ "ቁጠባ" የሚል ሳጥን አለ። ባዶውን ብትተዉት ማንም አይጠይቃችሁም። የደሞዙ ሳጥን ባዶ ከሆነ ግን ወረቀቱ ከጠረጴዛው አይነሳም።

ሁለቱ ልጆች የወደቁበት ሰፈር ነገሩን በደንብ አሳይቶኛል። ወንድሜ የተከራየው አይረንባውንድ ነው። ዙሪያውን የባቡር ሐዲድ የከበበው፣ ፌሪ ስትሪት የሚባለው መንገዱ በፖርቱጋል ዳቦ ቤትና ምግብ ቤት የተሞላ የኒውአርክ ሰፈር ነው። አከራዩ ከሙርቶሳ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ፖርቱጋል ውስጥ አቬይሮ ከተማ አጠገብ ያለች የዓሣ አስጋሪዎች አገር ናት። የኒውአርክ ፖርቱጋላውያን ብዙዎቹ ከዚያች ትንሽ ቦታ የተጓዙ ናቸው። ሰውዬው የተማሩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው። ፖርቱጋልን በገዛው በአምባገነኑ ሳላዛር ዘመን ለድሃ ልጅ ትምህርት እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስፋልትና ሲሚንቶ ላይ ሠሩ። ዛሬ ሦስት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት አላቸው፤ የባንክ ዕዳው ተከፍሎ አልቋል። አንዱ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ሁለቱን ያከራያሉ። ጓሮው ውስጥ ወይን ተክለዋል። የእኛ ባንክ ፎርም ቢሰጣቸው ገና በልጅነታቸው ወድቀው ነበር።

የአክስቴ ልጅ አለቃ ደግሞ ግብፃዊ ፋርማሲስት ናቸው፤ ኮፕት ክርስቲያን። ጀርሲ ሲቲ ኮፕቶች የበዙባት ከተማ ናት። እዚያ ያለው ቅዱስ ማርቆስ በሰሜን አሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ የኮፕት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። ሰውዬው የገቡት በዲቪ ነው። ዲግሪያቸውን ይዘው ቢመጡም እዚያ ወዲያው አልሠራላቸውም። የውጭ ምሩቃን ፈተናውን እስኪያልፉና የልምምድ ሰዓቱን እስኪሞሉ ነዳጅ ማደያ ቀጂ ነበሩ። (ኒው ጀርሲ ውስጥ ነዳጅ ለራስ መቅዳት በሕግ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ለቀጂ ሁልጊዜ ሥራ አለ።) አሁን ስሊፓቸው ከሽማግሌው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቤታቸውን ግን የገዙት ዘግይተው ነው፤ ዕዳውን ገና እየከፈሉ ነው። የልጆቻቸው የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ደግሞ በላዩ ላይ አለ።

ይህ የሁለት ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ካሉ ግብፃውያን ስደተኛ አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ አላቸው። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ፣ በተለይ ግብፅ ከእስራኤል ጋር ካደረገችው የ1967ቱ ጦርነት ወዲህ፣ ሐኪሙና ኢንጂነሩ ነው ቀድሞ የሄደው። የዲቪው ሰው ኋላ ደረሰ። ስለዚህ "የግብፃውያን አማካይ ገቢ" ሲባል አንድ ጫፍ ላይ የልብ ሐኪም አለ፤ ሌላው ጫፍ ላይ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጠ ታክሲ ነጂ። ፖርቱጋላውያኑ በሌላ በር ነው የገቡት። በ1957 አዞረስ ደሴቶች ላይ ካፔሊኒዮስ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በ1958 ለተፈናቃዮቹ ልዩ ሕግ ወጣ፤ ያኔ ሴናተር የነበረው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። አንዱ ገባ፣ ወንድሙን ጠራ፣ ወንድሙ አማቱን ጠራ። ብዙዎቹ ማሳቹሴትስ ባሉት የፎል ሪቨርና የኒው ቤድፎርድ ከተሞች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ገቡ። እዚህ ላይ ልቤ ትንሽ ያደላል፤ የማሽኑን ጫጫታ ስለማውቀው።

ፖርቱጋላውያኑ ከሁሉ በፊት ቤት ይገዛሉ። ባልም ሚስትም ይሠራሉ፤ እሷ ፋብሪካ ወይም ጽዳት፣ እሱ ግንባታ። ቤቱን ይገዙና ግማሹን ያከራያሉ። ለዚህ የከፈሉት ዋጋም አለ። ልጅ ቶሎ ሥራ ይጀምር ስለተባለ የትምህርት ነገር ወደኋላ ቀረ። ቶሮንቶ ያለው የፖርቱጋላውያን ማኅበረሰብ የልጆቹ ትምህርት ማቋረጥ ለዓመታት መነጋገሪያው ነበር። ግብፃዊው ደግሞ ገንዘቡን ልጁ ላይ ያውላል፤ ትርፉ የሚታየው ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው። የትኛው ኑሮ ይሻላል ብትሉኝ፣ ለቤት ብድር ከሆነ የሽማግሌውን እመርጣለሁ። ለልጅ ልጅ ከሆነ የፋርማሲስቱን። ባንካችን ግን ሁለቱንም አይለይም፤ የሚያየው ስሊፕ ብቻ ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉ፣ ፖርቱጋል ራሷ አድርጋዋለች። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ባንኮቿ ለስደተኛ ዜጎች የቁጠባና ብድር ሥርዓት ዘረጉ። ውጭ ያለው ሰው ይቆጥባል፤ ቁጠባውን መሠረት አድርጎ አገር ቤት ቤት መግዣ ይበደራል። ፓሪስ ዳር ሻምፒኚ በቆርቆሮ ሰፈር ጭቃ ሲረግጥ የኖረ ግንበኛ ለዚህ የሚሆን ምን የሚያምር ስሊፕ ያመጣል? የቆጠበውን ግን ያመጣል። በእርግጥ ውጤቱ ሁሉ ያማረ አልነበረም፤ ነሐሴ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትልልቅ ቤቶች መንደሩን ሞሉት። እዚህ ደሴ ገራዶ በኩል ብቅ ብትሉ እኛም ጀማምረናል። ዘበኛ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ ሰው የለም።

አሁን ወደ ባሰው ልምጣ። ወረፋ ላይ ከጎኔ የተቀመጡ እናት ነበሩ፤ ከኩታበር የመጡ። ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ለዓመታት ሳታቋርጥ ልካለች። ስሊፕ የላትም፤ እመቤቷ በእጅ ነው የምትከፍላት። ልጁ በትሕትና "እናቴ፣ ያለ ስሊፕ አይሆንም" አላቸው። ወሎ ውስጥ ከሦስት ቤት አንዱን ብታንኳኩ ሳዑዲ ያለች ልጅ ወይም እህት አትጠፋም። ግብፃውያኑም ቢሆኑ በብዛት ያሉት አሜሪካ ሳይሆን ሳዑዲና ባሕረ ሰላጤው ነው። ደሴ ላይ የተከፈተ የዲያስፖራ ክፍል ስሊፕ ላለው አሜሪካ ነዋሪ ብቻ ከሆነ፣ ለማን ነው የተከፈተው? ያ ሁሉ የሐዋላ ደረሰኝ እዚያው ባንክ ውስጥ ተመዝግቦ አለ። ራሱ የከፈለው ነው! ከዚያ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? አንድ ሙሉ ነጥብ የቀነስኩት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የምንዛሪ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። የአክስቴ ልጅ ደንግጣ ስትደውል አለቃዋ ስቀውባታል። ግብፃውያኑ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አይተውታል፤ ፓውንዳቸው በአንድ ቀን ለአንድ ዶላር ከ31 ገደማ ወደ 50 ገደማ ወርዶ ነበር። "ብድርሽ በየትኛው ገንዘብ ነው የተጻፈው? መጀመሪያ እሱን ጠይቂ" አሏት። ጥሩ ምክር ነው። በብር የተጻፈ ብድር ዶላር ለሚልክ ሰው ቀለለ፤ የቤቱ ዋጋ ግን አብሮ ወጣ። ስጠይቀው ልጁ ውሉን አውጥቶ አንቀጹን በጣቱ እያሳየ አነበበልኝ። ወለዱ ሊቀየር እንደሚችል የሚለውም እዚያው ገጽ ላይ ነው፤ በትንሹ ተጽፎ። አንብቡት።

እና እንጠቀምበት ወይ? ቋሚ ስሊፕ ያለው ዘመድ ካላችሁ፣ አዎ። ፋይሉ ከተሟላ ይሄዳል። እንደ ወንድሜ ቆጣቢ ግን ወቅት የሚጠብቅ ሥራ ያለው ከሆነ፣ ቅድመ ክፍያውን ከፍ አድርጋችሁ ግቡ። የዓመቱን የግብር ወረቀትም አያይዙ፤ የሳምንት ስሊፕ የማይናገረውን እሱ ይናገራል። ወንድሜ አሁን በዚህ መንገድ ድጋሚ አስገብቷል፤ ሁለተኛው ፎርም ላይ የቁጠባውን ሳጥን ራሴ ሞልቼዋለሁ።

ውክልናውን ደግሞ ከመላኩ በፊት በስልክ ያንብቡላችሁ። "መግዛት" ብቻ የሚል ከሆነ ይመለሳል። "በብድር መግዛት፣ የብድር ውል መፈረም፣ ቤቱን በመያዣ ማስያዝ" የሚሉት ሦስቱም በግልጽ መጻፍ አለባቸው። የእኛ የመጀመሪያው "በመያዣ ማስያዝ" ጎድሎት ወደ አሜሪካ ተመልሷል። አርብ ከሰዓት በፊት አትሂዱ፤ ሠራተኛው ለጁምዓ ሲወጣ ወረፋው አይንቀሳቀስም። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግን ክፍሉ ባዶ ነው።